ነዋሪ ማን ነው? ከቃሊቲ እስከ ሜሪላንድ

በ2005 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀድሞ ተማሪዬን ልጠይቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ፣ ስንቅ ከያዙ እናቶች ጋር ተሰልፌ ነበር። የነዋሪነት መታወቂያዬን ሳወጣ ያዩት እናቱ፣ «የሱን ስም ከቤታችን ቅጽ አላስወጣሁትም፤ ቤቱ እዚያው ነው» አሉኝ።

ያኔ ነገሩን የእናት አንጀት ብዬ አለፍኩት። ሕጉ ግን ከእርሳቸው ጋር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ዘወትር የሚገኝበትን ስፍራ፣ በዘላቂነት ሊኖርበት አስቦ ኑሮውን ከመሠረተበት ዋና መኖሪያ ለይቶ ያያል። ዋናው መመዘኛ ሐሳብ ነው። ቃሊቲን በፈቃዱ መኖሪያዬ የሚል እስረኛ ደግሞ የለም።

ተማሪዬ ተፈትቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ሜሪላንድም ገባ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲነሣ ይኸው ጥያቄ ጠበቀው፤ የግዛቱ ነዋሪ ነህን? የግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ከነዋሪው ግብር ስለሚደጎሙ ከሌላ ግዛት የመጣ ተማሪ እጅግ የበዛ ክፍያ ይጠየቃል። በሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት መስፈርቱ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት መኖር ነው፤ ለትምህርት ብቻ አለመምጣትንም በኪራይ ውል፣ በግብር ሰነድና በመንጃ ፈቃድ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ይህ ሥርዓት ያለ ሙግት እዚህ አልደረሰም። የኮኔቲከት ግዛት፣ ሲያመለክት የሌላ ግዛት ነዋሪ የነበረን ተማሪ እስኪመረቅ ድረስ «እንግዳ» ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰው ነዋሪነቱን የሚያስረዳበትን ዕድል መንፈግ አግባብ አይደለም ሲል ሻረው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ተራው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዓለም ባንክንና መሰል ድርጅቶችን የሚያገለግሉ የውጭ ዜጎች ልጆች፣ በቪዛቸው ዓይነት የተነሣ የነዋሪ ክፍያ ተከልክለው ነበር። ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ ፈረደ።

በእኛስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ወጣት በነፃ ነበር የተማረው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ሲወጣም ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ተደረገ እንጂ ዋጋው በትውልድ ቀዬ አልተለያየም። አድራሻ ያመጣው ልዩነት በመግቢያ ነጥብ ላይ ነው፤ ለአዳጊ ክልሎች ልጆች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲያዝ ቆይቷል።

የእኛ «ነዋሪ» ታሪኩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ስኳር የሚያከፋፍለውም፣ ማን ማን ቤት እንዳደረ የሚከታተለውም ያው ቀበሌ ሆነ። በአሜሪካ ነዋሪነት ዜጋው መንግሥትን የሚጠይቅበት መብት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ መንግሥት ዜጋውን የሚቆጥርበት መዝገብ መሆኑ አመዘነ። በቃሊቲ ስምንት ዞኖች ነበሩና በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣት ጦማርያን፣ የቀረውን አገር በሙሉ ዘጠነኛ አድርገው ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ማለታቸው ከዚህ ታሪክ የራቀ አይመስለኝም። በ2006 ዓ.ም. ከመካከላቸው ስድስቱ ታሰሩ።

ተማሪዬ 12 ወራቱን ሞልቶ ሰነዱን ባቀረበ ዕለት ስልክ ደወለልኝ። «እዚህ ነዋሪ ለመሆን አንድ ዓመት በቃኝ፤ አገሬ ግን ከእናቴ ቅጽ ሌላ መስካሪ አልነበረኝም» አለኝ።

እኔም በዚያ ሰልፍ ላይ የቆሙትን እናት አሰብኩ። ሕጉን ሳያነቡ፣ ነዋሪነት ማለት ስምህን አላወጣም የሚል ወገን ማግኘት መሆኑን ያውቁ ነበር። አንድ አገር ለልጆቿ ይህን ያህል ብታደርግ ብዙ አይባልም።