ስሙ ሌላ ቦታ የተጻፈ ጊታር

ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚሸጡበት ገበያ አንድ ለየት ያለ ጊታር አለ። ደረት ላይ አይታቀፍም፣ ጭን ላይ ይጋደማል። ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ አይጫንም፤ በግራ እጁ የያዘውን ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ እንደ ሰው እንጉርጉሮ ይሳባል። ሻጮቹ «የሃዋይ ጊታር» ወይም «ላፕ ስቲል» ይሉታል። አናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ነው። ሃዋይ የት ሄደች? (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጊታር ወደ ሃዋይ የገባው ከውጭ ነው። በ1830ዎቹ ንጉሥ ካሜሃሜሃ 3ኛ የዱር ከብት የሚይዙ ፈረሰኞችን ከሜክሲኮ ግዛት አስመጣ፤ ጊታርም አብሯቸው እንደመጣ ይነገራል። በ1879 ደግሞ ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የተቀጠሩ ስደተኞችን ሆኖሉሉ አደረሰች። ከመካከላቸው ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ እንጨት ሠሪዎች ነበሩ። ከማዴይራ የመጣችው ባለ 4 ክር ትንሽ ጊታር በእነሱ እጅ ተሻሽላ ኡኩሌሌ ሆነች።

የሃዋይ ሰዎች ግን የመጣላቸውን ተቀብለው ዝም አላሉም። የጊታሩን ቅኝት እንደ ዜማቸው አላሉት። ከዚያም በ1889 አካባቢ የኦአሁ ደሴት ልጅ የሆነው ጆሴፍ ኬኩኩ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ፣ በክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የመጫወትን ስልት አዳበረ። ሌሎችም ፈጣሪ ነን ያሉ አሉ፤ በብዙዎች ዘንድ ክብሩ የሚሰጠው ግን ለእሱ ነው።

እዚህ ላይ ፖለቲካው ይመጣል። ጥር 1893 ባለሀብቶችና የእርሻ ባለቤቶች፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ከመርከብ ወርደው ባሉበት፣ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ገለበጧት። በ1895 በራሷ ቤተ መንግሥት ውስጥ ታሰረች። ይህች ንግሥት ዓለም የሚያውቀውን «አሎሃ ኦኤ» የደረሰች የዜማ ሰው ነበረች። በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ የሃዋይ አዲሶቹ ገዢዎች እንግሊዝኛ የትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን በሕግ ደነገጉ። የአገሬው ቋንቋ ከክፍል ወጣ። በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች።

አገሩ ሲወድቅ ድምፁ ተነሣ። ኬኩኩ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሃዋይ ሙዚቀኞች ሕዝቡን ማረኩት፤ በቀጣዩ ዓመት የሃዋይ ሸክላዎች አሜሪካ ውስጥ በብዛት ከሚሸጡት መካከል ነበሩ። ቋንቋው ከትምህርት ቤት ተባሮ፣ ዜማው የሀብታም ሳሎን ማድመቂያ ሆነ።

ገበያው ሲሞቅ ሠሪዎች መጡ። በሎስ አንጀለስ ጀርመን ተወላጁ ኸርማን ቫይሰንቦርን፣ አንገቱ ሳይቀር ውስጡ ክፍት የሆነ የጭን ጊታር ኮአ ከተባለው የሃዋይ እንጨት ይሠራ ነበር። በዳንስ ባንድ መሀል ድምፁ አልሰማ ሲል ደግሞ ጆርጅ ቢቻም እና አዶልፍ ሪክንባከር የኤሌክትሪክ መሣሪያ አወጡ። በቅርጹ «መጥበሻ» ተብሎ የተጠራው ይህ ጊታር በ1932 ገበያ ላይ ዋለ። ለንግድ ስኬት የበቃው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር የሃዋይ ጭን ጊታር ነበር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ባንዶች የምንሰማው ኤሌክትሪክ ጊታርም ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። ኬኩኩ ኒው ጀርሲ ውስጥ የሞተው በዚያው በ1932 ነው።

የስሙ ነገር ከዚህም ይከፋል። «ኦአሁ» የሚል ስም ያለው የጭን ጊታር ብታገኙ ከደሴቷ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ኩባንያው የነበረው በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ ሲሆን፣ የጊታር ትምህርት ከነመሣሪያው ይሸጥ ነበር። ዛሬ ያገለገለ ላፕ ስቲል በቀላሉ የሚገኘው እንዲህ ዓይነት የተማሪ ጊታሮች በገፍ ስለተመረቱ ነው።

አሁን ወደ ፖርቱጋል ጊታር እንለፍ፤ የሃዋይን ነገር ገልብጦ የሚያሳየን እሱ ነው። ከማዴይራዋ ትንሽ ጊታር ጋር ግን አታምታቱት። ይህ ሆዱ እንደ ዕንባ ጠብታ የሆነ፣ 12 ክሮቹ በ6 ጥንድ የተደረደሩ የፋዶ ዘፈን መሣሪያ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ነጋዴዎች በኩል ፖርቶ ከገባ ጊታር ጋር ዝምድና አለው። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው መቃኛው እንኳ ዛሬም በለንደኑ ሠሪ በፕሬስተን ስም ይጠራል። ሆኖም ማንም «የእንግሊዝ ጊታር» አይለውም። ሊዝበንና ኮይምብራ የየራሳቸውን ቅርጽና ቅኝት አበጁለት፤ ሠሪው ለልጁ፣ ተጫዋቹ ለደቀ መዝሙሩ አስተላለፈ። ፋዶም በ2011 በዩኔስኮ ተመዘገበ።

እንግዲህ አንዱ ሕዝብ የራሱን ፈጠራ ስም አጣ፣ ሌላው ከውጭ የመጣውን የራሱ አደረገ። ልዩነቱ ተሰጥኦ አይደለም፤ አገር ነው። ትምህርት ቤት፣ ቋንቋ፣ ዎርክሾፕ በእጁ ያለ ሕዝብ የተዋሰውን እንኳ ያስከብራል። እነዚህን የተነጠቀ ሕዝብ የፈጠረውን ሌላ ሰው ማኅተም ሲመታበት ያያል። «ባህላችን ዓለምን አዳረሰ» ስንል የምንዘነጋው ይህን ነው። መድረስ አንድ ነገር ነው፣ ባለቤት ሆኖ መድረስ ሌላ።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ አሮጌ ላፕ ስቲል ስትመርጡ ክሩ ከአንገቱ ከፍ ማለቱ አያስደንግጣችሁ፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ይልቅ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ፈትሹ። በአሮጌ የቫይሰንቦርን ጊታር ላይ ስንጥቅና የተላቀቀ ማጣበቂያ ፈልጉ፤ ከባድ ክርም አትጫኑበት። የፖርቱጋሉን ከሆነ የሊዝበን ይሁን የኮይምብራ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቅኝታቸው ይለያያል። የብራዚል ሮዝውድ ያለበትን መሣሪያ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ማሻገር ጣጣ አለው።

ጊታሩን ጭናችሁ ላይ ስታጋድሙ ደግሞ አናቱ ላይ ያልተጻፈውን ስም አንሡ፤ ጆሴፍ ኬኩኩ ይባላል።