በሰው አገር ማርጀት

አምበር ላይ የቆመ ሰው መንገዱ በአንድ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ በሌላ በኩል በሉማሜና በደጀን አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲሄድ ያያል። ዛሬ በዚህ መንገድ በርበሬና ሽሮ ቋጥረው ወደ ቦሌ የሚጓዙ እናቶች አሉ፤ አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው፣ የልጅ ልጅ አሳድገው፣ ምናልባትም እዚያው ሊያረጁ። እኔ ግን ስለ እነሱ ሳስብ የተገላቢጦሽ የመጡት ትዝ ይሉኛል። እዚህ መጥተው ያረጁ ፈረንጆችም አሉ እኮ!

ዳንኤል ሳንድፎርድ አንዱ ናቸው። እንግሊዛዊ መኮንን ሲሆኑ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሙሎ ላይ እርሻ ነበራቸው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም.፣ በ58 ዓመታቸው፣ ሚሽን 101 የተባለውን ቡድን እየመሩ ከሱዳን ጎጃም ገቡ፤ ሥራቸው ከአርበኞች ጋር መገናኘት ነበር። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሳንድፎርድ «አገሬ ልግባ» አላሉም። በመንግሥት አማካሪነት ሠርተው ወደ ሙሎ እርሻቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ክርስቲን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ዛሬም ሳንድፎርድ ይባላል። ሕይወታቸው ያለፈው በ1964 ዓ.ም. እዚሁ ነው።

ሲልቪያ ፓንክረስትም ከሳንድፎርድ ጋር በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው። ወረራውን በጋዜጣቸው ለዓመታት ሲቃወሙ ቆይተው፣ በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጋብዘዋቸው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዕድሜያቸው 74 ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜ ያርፋል አይደል? እሳቸው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት ጀመሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት አረፉ። ወለተ ክርስቶስ ተብለው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

እርግጥ ሁለቱም የቤተ መንግሥት በር የተከፈተላቸው ናቸው፤ ሁሉም ባይተዋር እንዲህ አይታደልም። ግን ሹመትና ምቾት ብቻውን ሰውን አገሬው አያደርግም። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲመጣ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። እንዳይመለስ ግን ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲያገኙት ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ልቡ ግን አሁንም አገሩ ነበር። ሳንድፎርድና ሲልቪያ መርጠው ቀሩ። እሱ እንዲቀር ተደረገ።

ከእነዚህ ሰዎች የምወስደው ይህን ነው፤ በሰው አገር ማርጀት የሚቀለው መርጦ ለመጣና የሚፈልገው ሥራ ላለው ሰው ነው። አምበር ያለች እናት እድር፣ ሰንበቴ፣ ገበያና የጎረቤት ቡና አላት፤ ስትቀር «የት ጠፋች?» የሚል ሰው አለ። አሜሪካ ሞቅ ያለ ክፍልና ጥሩ ሐኪም ልታገኝ ትችላለች። የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ቤቱ ጭር ይላል።

ስለዚህ እናቱን ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ከቪዛውና ከትኬቱ ቀድሞ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ማክሰኞ ከሰዓት ምን ይሠራሉ? መመለስ ቢፈልጉስ በሩ ክፍት ነው?