ዜና ካትሊን ሞድ ዘኮነማራ

የአየርላንዳዊቷን ባለቅኔና ዘፋኝ የካትሊን ሞድን ዜና እንጽፋለን፤ ዕድሜዋ አጭር፣ ሥራዋ ግን ብዙ ነበርና። ነገሩም እንዲገባ አስቀድመን የአገሯን ታሪክ በጥቂቱ እንናገራለን።

አየርላንድ በቀድሞው ዘመን ባለቅኔን እጅግ የምታከብር አገር ነበረች። መኳንንቱ ሁሉ በየግቢያቸው ባለቅኔና በገና ደርዳሪ ያኖሩ ነበር። ባለቅኔውም ሲወድ ያወድሳል፣ ሲከፋው በግጥም ያዋርዳል፤ ስለዚህም ይፈሩት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1601 ግን በኪንሴል በተደረገው ጦርነት መኳንንቱ በእንግሊዝ ጦር ድል ሆኑ፤ ከስድስት ዓመትም በኋላ ታላላቆቹ በመርከብ ተሳፍረው ተሰደዱ። ጌቶቹ ሲሄዱ ባለቅኔው ደጅ የሚጠናበት አጣ። ቅኔውም ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ገበሬውና ወደ ዓሣ አጥማጁ ጎጆ ገባ።

ከዚህም በኋላ በ1845 የድንቹን ማሳ በሽታ መታው፤ ድሃው ሕዝብ ከድንች በቀር ሌላ እህል አልነበረውምና ታላቅ ረኃብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። ረኃቡ የጠናው የአየርላንድን ቋንቋ በሚናገረው ምዕራብ ላይ ነበርና ከሰው ጋር ቋንቋው አለቀ። የተረፉትም ወላጆች ልጆቻችን በሰው አገር እንጀራ ይብሉ ብለው እንግሊዝኛ አስተማሯቸው። ቋንቋው በሙሉ አፍ የሚነገርባቸው ቦታዎች፣ ጌልታኽት የሚባሉት፣ በአብዛኛው በውቅያኖሱ ዳር ቀሩ። ከእነዚህም አንዷ በጎልዌይ አውራጃ ያለችው ኮነማራ ናት፤ ምድሯ ድንጋይና ረግረግ፣ ንብረቷም ጥቂት ነው።

ካትሊን ሞድ በዚች በኮነማራ፣ ካስላ በምትባል መንደር፣ በ1941 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእኛም በ1933 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ተወለደች። እናቷ አስተማሪ ነበረች፤ በሮስ ሙክ ዳርቻ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ልጅዋን ራሷ ፊደል አስቆጠረቻት። አባቷም የሮስ ሙክ ወገን ነበር። ሮስ ሙክ ማለት ባለቅኔው ፓትሪክ ፒርስ ቋንቋውን ሊለምድ ጎጆ የሠራባት ናት፤ እርሱም በ1916 በደብሊን ዐመፅ አስነሥቶ በእንግሊዝ ጥይት በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ካትሊን ያደገችው እንግዲህ ቋንቋው እንደ ውኃ በሚጠጣበት አገር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ግጥም መጻፍ ጀመረች፤ የጻፈችውም በዚያው በእናቷ ቋንቋ ነበር።

ከዚያም በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረች፤ በፈረንሳይኛም ብርቱ ሆነች። አስተማሪ ሆና በኪልዴር፣ በሜዮና በዊክሎ አውራጃዎች ሠራች፤ በለንደንም ጥቂት ጊዜ ተቀመጠች።

ዳግመኛም በመድረክ ላይ ስሟ ተጠራ። በ1964 ደራሲቷ ማሬድ ኒ ግራዳ «አን ትሪል» የሚባል ተውኔት ጽፋ ነበር፤ ፍርድ ማለት ነው። በደብሊን፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለው ዴመር በሚባለው አዳራሽ ታየ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ አንዲት የገጠር ልጅ ባለ ሚስት የሆነ አስተማሪ አታልሏት ትፀንሳለች፤ ቤተሰቧ ይጥላታል፣ አገሩ ፊቱን ያዞርባታል፤ በመጨረሻም የወለደቻትን ሕፃን ገድላ ራሷን ታጠፋለች። ከዚያ በኋላ ችሎት ይቆማል፤ እናትና ወንድም፣ አሠሪና ወዳጅ እየቀረቡ ይመሰክራሉ፤ ጥፋተኛው ማን ነው የሚለውም ጥያቄ በተመልካቹ ላይ ይወድቃል። በዚያ ዘመን በአየርላንድ ሳያገባ የወለደች ሴት ከሰው ዓይን ትሸሸግ ነበርና ይህን በአደባባይ መናገር ታላቅ ድፍረት ነበር። የልጅቷን ቦታ ይዛ የተጫወተችው ካትሊን ናት። ዕድሜዋም ገና ሃያ ሦስት ነበር። ብዙ ሰው ስሟን የሰማው በዚህ ነው። ከባለቅኔው ከማይክል ሃርትኔት ጋርም ተባብራ አንድ ተውኔት ጽፋለች።

አሁን ስለ ዜማዋ እንናገር፤ የዚህ ታሪክ ልቡ እርሱ ነውና።

በኮነማራ የሚዜመው አሮጌው ስልት ሻን ኖስ ይባላል። መሣሪያ የለውም፤ በገናም ሆነ ማሲንቆ አያጅበውም፤ ጭብጨባም የለበትም። ዘፋኙ በሰው መካከል ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዓይኑን ጨፍኖ ይጀምራል። አንዷን ፊደል ይዞ ይጎትታታል፣ ያጥፋታል፣ በትንንሽ ድምፆች ይከባታል፤ በሁለተኛው ስንኝ ያው ዜማ ሲመለስ ግን አጣጣሉን ይለውጠዋል፤ አንድ ሰው አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ መልክ አያዜምም። ኀዘኑ ሲበረታ ከአድማጮቹ አንዱ ተነሥቶ የዘፋኙን እጅ ይይዝና ከዜማው ጋር ቀስ እያለ ያዞርለታል፤ ሌሎቹም ከየተቀመጡበት አይዞህ፣ ጎሽ ይሉታል። ዘፈኑም ሊያልቅ ሲል ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ዜማውን ጥሎ የመጨረሻዎቹን ቃላት እንደ ወሬ በተራ ንግግር ይላቸዋል። እንግዳ ሰው ዘፈኑ የተቋረጠ ይመስለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ማለቁን በዚህ ያውቃል።

ካትሊን ይህን ስልት የተካነች ነበረች። ግጥሟም የተወለደው ከዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ስንኞቿ አጫጭር ናቸው፤ ትንፋሽ በሚያልቅበት ይቆማሉ። ግጥሟን በሰው ፊት ቆማ በቃሏ ታሰማ ነበር እንጂ በሕይወቷ ሳለች አንድም መድበል አላሳተመችም። በ1975 ግን ቋንቋውን ለማስፋፋት የተቋቋመው ጌል ሊን ድምፅዋን በሸክላ አወጣ፤ ሸክላውም በስሟ «ካትሊን» ተባለ። በእርሱም ላይ የጥንት ዘፈኖችን አዜመች፤ በዘፈኖቹም መካከል የራሷን ግጥሞች አነበበች። ያሳተመችው አልበም ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ከግጥሞቿ ሁሉ የገነነው «ጌይቨን» የሚባለው ነው፤ ግዞት ማለት ነው። ተናጋሪው አውሬ ነው፤ ከሞቃት አገር የመጣ፣ በውበቱ የተመሰገነ፣ ድምፁ ጫካውን ያንቀጠቅጥ የነበረ። አሁን በአራዊት ማኖሪያ በአጥር ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሊያየው የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ያደንቀዋል፤ በሩን የሚከፍትለት ግን የለም። አንዳንዱ አውሬው ሴት ናት ይላል፤ አንዳንዱ ባለቅኔው ነው ይላል። እኔ ግን ቋንቋው ነው እላለሁ። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት በ1937 ያንን ቋንቋ የአገሩ አንደኛ ቋንቋ ብሎ አክብሮታል፤ በመሥሪያ ቤቱና በገበያው ግን የሚሰማው እንግሊዝኛ ነበር። ማድነቅ ሌላ፣ መፍታት ሌላ።

በዚያም ዘመን የጌልታኽት ሰዎች መብታችን ይጠበቅ ብለው ተነሡ። በ1970 በፋሲካ ሰሞን ያለ ፈቃድ ከሮስ ሙክ በሬዲዮ በቋንቋቸው ተናገሩ፤ መንግሥትም ከሁለት ዓመት በኋላ ራዲዮ ና ጌልታኽታ የሚባለውን ጣቢያ አቆመላቸው፤ ዋናው ቤቱም ካትሊን በተወለደችበት በካስላ ሆነ። እርሷ በደብሊን ሆና ለዚያው ቋንቋ ደከመች። በ1969 ባል አግብታ አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ከከተማዪቱ ዳር ባለችው በታላ፣ ሠራተኛው ሕዝብ በሚኖርበት ሰፈር፣ ልጆች ሒሳቡንም ጨዋታውንም በአየርላንድ ቋንቋ የሚማሩበት ስኮል ሳንተን የሚባል ትምህርት ቤት እንዲከፈት ከሌሎች ጋር ታገለች፤ ተከፈተም። እንደ ኮነማራ ባሉ ዳርቻዎች ቀርቶ የነበረው ቋንቋ በከተማ ሕፃናት አፍ ገባ። ከግጥሟ የማያንስ ሥራ ነው እላለሁ።

ይህም ሁሉ ሲሆን ነቀርሳ ያዛት። በ1982፣ በእኛም በ1974 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በአርባ አንድ ዓመቷ ዐረፈች። በታላ በላይ በኩል፣ ከተማውን ቁልቁል በሚያሳየው በቦኸርናብሪና መቃብር ተቀበረች። አርባ አንድ ዓመት ለባለቅኔ ምንድን ነው? የሻን ኖስ ድምፅ በእርጅና ይበስላል እንጂ አይደክምም፤ ከእርሷ ገና ስንት ዜማ ይጠበቅ ነበር! ልብ የሚያቃጥለውም ይህ ነው።

ግጥሞቿም ተሰብስበው በ1984 «ዳንታ» በሚል ስም ታተሙ። «ጌይቨን»ም የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ለሚወስዱ የአየርላንድ ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ገባ፤ ዛሬ ብዙ ወጣት የሚያውቃት በዚያ ነው። ግጥሙን ያነበበ ግን ድምፅዋንም ይስማ፤ ያ የ1975 ሸክላ በኋላ ዘመን በሲዲ ታትሞ ወጥቷል።