በቢላዋና በአበባ፦ የአጠውልግ በሽታ ጉዞ ከእንሰት ጓሮ እስከ ሙዝ ማሳ

እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው። ሰሜኑ እንሰትን ኮባ ብሎ ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያ ይፈልገዋል፤ ደቡቡ ቆጮና ቡላ ያወጣበታል፣ አሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ግንዱን) ቀቅሎ ይበላል። ሙዝ የሚተከለው ለፍሬው ሲሆን እንሰት ፍሬው አይፈለግም። ዝምድናቸው ግን በመልክ ብቻ አላበቃም፤ በሽታም ይጋራሉ። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የሙዝ ገበሬን ያስለቀሰው የባክቴሪያ አጠውልግ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ነው። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ባክቴሪያው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ማስረጃውን በቅደም ተከተል ስንመለከተው ግን በየአገሩ መንገድ የጠረገለት ሰው ተክሉን የሚይዝበት ልማድ ሆኖ እናገኘዋለን፤ መንገዱ የሚዘጋውም ያው ልማድ ሲታረም ነው።

በእንሰት ላይ የሚታየውን መበስበስ ጣሊያናዊው ካስቴላኒ እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፎበት ነበር። ምክንያቱ ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ያረጋገጡት ግን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ ሥራቸው የታተመው በ1968 ነው። በሽታው የገባበት እንሰት ከመካከል ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልግና ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ባክቴሪያው ያለው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ፈሳሹም መጀመሪያ የሚነካው የቆረጠውን ስለት ነው። እንሰት ደግሞ ከስለት ተለይቶ አያውቅም። ችግኝ ለማፍላት አሚቾው ይሰነጠቃል፤ ችግኙ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ሥሩና ቅጠሉ ይከረከማል፤ ቅጠሉ ለከብት መኖና ለመጠቅለያ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም ተክሉ ራሱ ይጣላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው አበባው ሳይፈነዳ ወይም ገና ብቅ ሲል ስለሆነ በአበባ በኩል የሚመጣ አደጋ እምብዛም አያሰጋውም። ጃርትና ፍልፈልም በሽታውን ያዛምታሉ ይባላል፤ ዋናው አጓጓዥ ግን የታመመውን ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው የሚሄደው ቢላዋ ነው።

በ1974 ያው ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ሙዝ ላይም መገኘቱ ተጻፈ። ከኢትዮጵያ ውጭ ጎልቶ የታየው ግን በ2001 በኡጋንዳ ሙኮኖ ወረዳና በምሥራቅ ኮንጎ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ቡሩንዲ ደረሰ። እዚህ ላይ ስለት ብቻውን ፍጥነቱን አያስረዳም። ሙዝ እስኪያፈራ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዘለላው በታች የሚንጠለጠለው የወንዴ አበባ እምቡጥ ሽፋኑን ባራገፈ ቁጥር ትኩስ ቁስል ይተዋል፤ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት የአበባ ማር ፍለጋ ከቁስል ወደ ቁስል ይዘዋወራሉ። ክፉኛ የተመታው ለጭማቂና ለቢራ የሚተከለው ካይንጃ የተባለው ዝርያ ነበር። የአበባውን ሽፋን ሳያራግፉ የሚያቆዩ ዝርያዎች በዚህ በኩል ብዙ አልተጎዱም፤ ነፍሳት በሚያንሱበት ደጋም የአበባው መንገድ ይጠባል። በእንሰት ጓሮ በቢላዋ ይሄድ የነበረው ባክቴሪያ በሙዝ ማሳ ክንፍ ያወጣው ሰው እምቡጡን ስለተወለት ነው።

ይህ አባባል ጥፋቱን በድሃ ገበሬ ላይ መጫን ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ልማድ ምክንያት አለው። ካይንጃ የተወደደው ያለ ብዙ እንክብካቤ ስለሚያፈራ ነው፤ እምቡጡን ማንሳትም ትርፉ ሳይታወቅ ድካም ብቻ ነበር። ስለት ከጎረቤት የሚዋሰውም ለየቤቱ ስለማይዳረስ ነው። በልማዱ ላይ የሚሰጥ ምክር ይህን ካላገናዘበ ይከሽፋል፤ የሆነውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ገበሬው አንድ ግንድ ከታመመ ከአንድ ሥር የወጡትን ሁሉ ነቅሎ እንዲቀብር ተመከረ። ድካሙ ከባድ፣ ኪሣራው ትልቅ ስለነበር ብዙዎች አልተቀበሉትም። በኋላ ባክቴሪያው ከአንድ ሥር የወጡትን ቀንበጦች ሁሉ እንደማይይዝ ሲታወቅ፣ የታመመውን ግንድ ብቻ ከመሬት እኩል እየደጋገሙ መቁረጥ በሽታውን በእጅጉ እንደሚቀንሰው ታየ። እምቡጡንም የመጨረሻው የፍሬ ረድፍ እንደወጣ በባላ እንጨት ጠምዝዞ መጣል ተለመደ፤ ባላው ስለት ስላልሆነ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል አይወስድም።

ሌላው ተቃውሞ መፍትሔው ልማድ ሳይሆን የሚቋቋም ዝርያ ነው ይላል፤ ማስረጃውም ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝ ነው። በፈንገስ የሚመጣው የፓናማ በሽታ ግሮ ሚሼል የተተከለባቸውን የላቲን አሜሪካ እርሻዎች ሲያጠፋ የሙዝ ንግድ የዳነው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ ካቨንዲሽ ዝርያ በመዞር ነው። ነገር ግን የፓናማ ፈንገስ በአፈር ውስጥ ለአሥርታት ይኖራል፤ የአጠውልግ ባክቴሪያ የበሰበሰ የተክል አካል ካላገኘ በአፈር ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዱን የማያሸንፍ ጥንቃቄ ሌላውን ያሸንፋል። ዝርያውም ቢሆን ገና በእጅ የለም። ከእንሰት ማዚያ የተባለው የተሻለ ይቋቋማል እንጂ ፈጽሞ አይድንም፤ ከቃሪያ የተወሰደ ዘረመል የገባበት ሙዝም በኡጋንዳ በሙከራ ማሳ ተስፋ አሳየ እንጂ የገበሬው ጓሮ አልደረሰም። የሚቋቋም ዝርያ ቢመጣ እሰየው ነው። እስከዚያው ግን አጠውልግ የገባበት ጓሮ የሚደርስ የግብርና ባለሙያ በሽተኛውን ተክል የሚያድን የሚረጭ መድኃኒት በእጁ የለም። ቢላዋው ትናንት የማን ጓሮ እንደዋለ መጠየቅ፣ ስለቱንም በእሳት ወይም በበረኪና ማስጸዳት ግን ይችላል።