አክሮፖል፦ ከአልጋው በላይ ባለቤቶቹ ይፈለጉበት የነበረው የካርቱም ሆቴል

ካርቱም ለመንገደኛ የምትቀልል ከተማ ሆና አታውቅም። የአሁኑ ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት እንኳ የውጭ አገር ዜጋ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ መመዝገብ ነበረበት። ፎቶግራፍ ለማንሳት ፈቃድ፣ ከከተማዋ ወጥቶ ለመጓዝም ሌላ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አሜሪካ እአአ በ1997 በጣለችው ማዕቀብ የተነሳ የውጭ ባንክ ካርድ አይሠራም ነበር፤ ተጓዡ ለቆይታው የሚበቃውን ገንዘብ ሁሉ በጥሬው ይዞ ይገባ ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ፣ ከአልጋው ምቾት ይልቅ የአልጋው አከራይ ማንነት ይበልጣል።

አክሮፖል ሆቴል ስሙን ያተረፈው በዚሁ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በከተማዋ እምብርት የሚገኝ መጠነኛ ማረፊያ ነበር። የሚያብረቀርቅ አዳራሽ አልነበረውም፤ ክፍሎቹ ንጹህና ተራ ነበሩ። በ2008 በአባይ ዳርቻ ከተከፈተው፣ በሊቢያ ገንዘብ ከተገነባውና በሸራ ቅርጹ ከሩቅ ከሚለየው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ጋር ሲነጻጸር፣ አማርኛ ተናጋሪ ‘ፔንሲዮን’ ቢለው አይፈረድበትም። በመንፈሱ ለፒያሳው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የቀረበ ነበር፤ ቤቱ ያረጀ፣ ዋጋው የማያስደነግጥ፣ እንግዳው ግን ከዓለም ዙሪያ የተሰባሰበ።

ሆቴሉን በ1952 የከፈቱት ከኬፋሎንያ ደሴት የመጡት ግሪካዊ ፓናጊስ ፓጉላቶስ ናቸው። ሱዳን ገና በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ በካርቱምም የግሪክ ነጋዴዎች ማኅበረሰብ ደርቶ ይኖር ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ቤቱን ባለቤታቸው ፍሎራና ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ያዙት። መንግሥታት ተፈራረቁ፤ በመስከረም 1983 የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግን ሲያውጅ አልኮል ከከተማዋ ተከለከለ። ብዙ ግሪካውያን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወጡ የፓጉላቶስ ቤተሰብ ቀረ።

የሆቴሉ ታላቅ ዘመን ከእኛው መከራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1984 እና 1985 ረሃብ ኢትዮጵያን ሲመታ፣ ከትግራይና ከኤርትራ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በምሥራቅ ሱዳን ወደ ተተከሉት ወድ ከውሊን ወደመሳሰሉ መጠለያዎች ጎረፉ። በዚያው ጊዜ ዳርፉርና ኮርዶፋንም በድርቅ ይጠበሱ ነበር። የእርዳታ ድርጅቶች ወደ ካርቱም ሲጎርፉ ብዙዎቹ ቢሮ እንኳ አልነበራቸውም። ስለዚህ የአክሮፖል ክፍሎች መኝታም ቢሮም ሆኑ። ስልክ በማይሠራበት ከተማ የሆቴሉ ቴሌክስ ዜናና የስንዴ ጭነት ጥያቄ የሚያልፍበት መስመር ነበር። ለረሃቡ ገንዘብ በማሰባሰብ የታወቀው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍም ካረፉት እንግዶች አንዱ ነው።

ወንድማማቾቹ የሚያከራዩት ክፍል ብቻ አልነበረም። ፓስፖርቱን ተቀብለው ያስመዘግባሉ፣ የጉዞ ፈቃድ ያወጣሉ፣ መኪና ያፈላልጋሉ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ያውቃሉ። በጋራው የምግብ አዳራሽ ጋዜጠኛው ከእርዳታ ሠራተኛው፣ ሁለቱም ወደ ሜሮዌ ፒራሚዶች ቁፋሮ ከሚሄደው የሥነ ቅርስ ባለሙያ ጋር ይገናኛሉ። በየትኛውም የጉብኝት መጽሐፍ የማይገኝ መረጃ እዚያ በነጻ ይገኝ ነበር።

በዚሁ የምግብ አዳራሽ ግንቦት 15 ቀን 1988 ማታ ቦምብ ፈነዳ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ ብሪታኒያውያን ሲሆኑ ሁለት ሕጻናት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይገኙባቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ሱዳናውያን ነበሩ። በዚያው ምሽት የውጭ ዜጎች የሚያዘወትሩት ‘ሱዳን ክለብ’ም ጥቃት ደርሶበታል። በድርጊቱ ፍልስጤማውያን ታጣቂዎች ተፈርዶባቸዋል። ቤተሰቡ ግን አልዘጋም፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ ሥራውን ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መዘለል የለበትም። በካርቱም ያለፉ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የአክሮፖልን ደጅ አልረገጡም። በመተማና በገዳሪፍ በአውቶቡስ የሚመጣው ወጣት የሚያርፈው በገበያው አካባቢ ባሉ ሎካንዳዎች ወይም አገሩ ሰዎች ዘንድ ነበር። ‘ሎካንዳ’ ከጣልያንኛ ወደ ሱዳን አረብኛ የገባ ቃል ሲሆን ርካሽ ማደሪያን ያመለክታል። ‘ሉካንዳ’ ሲባል ሥጋ ቤት ለሚታየው ለእኛ ሰው ምልክቱ መጀመሪያ ግራ ሳያጋባው አይቀርም። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋዎች ይደረደራሉ፤ የሚከፈለው ለክፍሉ ሳይሆን ለአልጋው ነው። በሙቀቱ ወራት አልጋው ወደ ግቢ ይወጣና ከሰማይ በታች ይታደራል። የሥራ ወሬ፣ የኪራይ ቤት፣ ወደ ሊቢያ የሚወስደው አደገኛ መንገድ ጭምር የሚሰማው እዚያ ነው። ለምዝገባና ለፈቃድ የሚሯሯጥለት ባለሆቴል ያልነበረው ስደተኛ በየፍተሻው ምን እንደሚከፍል የከተማዋ የቀድሞ ነዋሪዎች ሁሉ ያውቁታል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲቀሰቀስ፣ ቤተ መንግሥቱን የከበበው መሐል ከተማ ከመጀመሪያዎቹ የጦር አውድማዎች አንዱ ሆነ። መብራት ጠፋ፤ ውኃም ተመናመነ። በሎካንዳዎችና በኪራይ ቤቶች የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በመጡበት መንገድ ወደ መተማ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ዓመታት ካጠራቀሙት ንብረት ከአንድ ሻንጣ የበለጠ አልያዙም።

ከሦስቱ ወንድማማቾች አንዱ፣ በወቅቱ የ79 ዓመት አዛውንት የነበሩት ታናሲስ ፓጉላቶስ፣ ከጥቂት የመጨረሻ እንግዶች ጋር ለ10 ቀናት ያህል በሆቴሉ ውስጥ መውጫ አጥተው ከረሙ። በመጨረሻ እርሳቸውም ከተማዋን ለቀው ወደ አቴንስ ሄዱ። ከ1952 ጀምሮ በመፈንቅለ መንግሥትም በቦምብም ያልተዘጋው ቤት ያን ዕለት ያለ ባለቤት ቀረ።