የሙቀት መለኪያ ቺፕ ቦርድ ላይ የት ይቀመጥ?

መርካቶ እህል በረንዳ የሚከመር በቆሎ እርጥበት ካለው ከውስጥ ይግላል፤ ሻጋታና ነቀዝ ሲራቡበት ሙቀት ይፈጥራሉ። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ኤልኤም35 የሚባለው ቺፕ ያገለግላል። ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ 25 ዲግሪ ላይ 250 ሚሊቮልት ማለት ነው።

ጣጣው ያለው ቦርዱ ላይ ነው። የተበየደ ቺፕ ሙቀት የሚቀበለው በአብዛኛው በእግሮቹ፣ ከመዳቡ ነው። አጠገቡ ቮልቴጅ ሬጉሌተር ካስቀመጣችሁ በቆሎው ሳይግል «ጋለ» ይላችኋል። ስለዚህ ቺፑን ቦርዱ ጠርዝ ላይ አውጡት፣ ወደሱ የሚሄደውን የመዳብ መስመር አቅጥኑ፣ ከተቻለ በዙሪያው ቦርዱን ሰንጥቁ።

0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከፓወር እግሩ ወደ ግራውንድ፣ እዚያው ስሩ። ክምር ውስጥ ለማስገባት ረጅም ሽቦ ከቀጠላችሁ (መቼም ግድ ነው) መውጫው ላይ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፤ ያለሱ ንባቡ ሊዋዥቅ ይችላል።