ጥላውን አምነው ደሙን ከሰሱ

«ስቴንት ገባለት» ሲባል እኛ የምንረዳው ጣጣው ማለቁን ነው። የጠበበው የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ ተከፈተ፣ ሽቦው ገባ፣ ተመስገን! ታሪኩን ስናገላብጥ ግን «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» የሚለው ተረት ለዚህች ሽቦ የተተረተ ይመስላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በ1977 ዙሪክ ላይ ይጀምራል። ጀርመናዊው ሐኪም አንድሪያስ ግሩንትዚግ በአንድ ሕመምተኛ የልብ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ ነፋና ጥበቱን ከፈተ። ችግሩ፣ ፊኛው ሲወጣ አንዳንዱ ቧንቧ ተመልሶ ይዘጋል። በ1986 ዣክ ፒዩል በቱሉዝ፣ ኡልሪክ ሲግዋርት በሎዛን የሽቦ መረብ እንደ ምሰሶ ውስጡ ተዉ። ስቴንት ተወለደ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1991 ፓትሪክ ሴሩይስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ስቴንት ከገባላቸው 105 ሰዎች የ25ቱ ተዘግቶ ተገኘ። ከአራት አንድ ሊሞላ ምን ቀረው? ሐኪሞች ጥፋቱን በደሙ አላከኩ፤ ብረት ሲነካ ይረጋል አሉ። ደም የሚያቀጥን ከባድ መድኃኒት ታዘዘ። ሕመምተኛው ከመርጋት ሲሸሽ መድማት ይጠብቀዋል።

አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ግን ጥላ ነው። ቧንቧው ውስጥ ቀለም ተረጭቶ በራጅ ይታያል፤ ቀለሙ ካለፈ «ተከፍቷል» ይባላል። ሽቦው ግድግዳው ላይ መለጠፉን ጥላው በደንብ አይናገርም።

ሚላን ውስጥ አንቶንዮ ኮሎምቦና ጓደኞቹ በቀጭን ቱቦ ጫፍ አልትራሳውንድ አስገብተው ቧንቧውን ከውስጥ አዩት። በጥላው ያማረው ስቴንት በቅጡ አልተከፈተም! ፊኛውን በከፍተኛ ግፊት ደግመው ነፉ። በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ስቴንቱ በደንብ መከፈቱ ለታየላቸው ከባዱን መድኃኒት ትተው አስፒሪንና መሰሉን ሰጡ፤ ደም የረጋባቸው ከ100 ሁለት አይሞሉም።

ዛሬ በብርሃን የሚያይ መሣሪያም አለ። ስቴንቱ ካልተከፈተ ይነፋል፤ ጠርዙ ላይ ክፉ ስንጥቅ ከታየ ሌላ ስቴንት ይጨመራል። በ2023 የወጣ የደቡብ ኮሪያ ጥናት ውስብስብ ጥበት ያለባቸውን 1639 ሰዎች ተከታትሏል። በልብ ሕመም መሞት፣ ሃርት አታክ ወይም የዚያው ቧንቧ ዳግም ሕክምና የደረሰው ከውስጥ በታየላቸው 7.7 በመቶ፣ በጥላው ብቻ በተሠራላቸው 12.3 በመቶ ነበር።

እናም ወገን፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ስቴንት ይግባላቸው ከተባለ፣ «ከውስጥስ ይታያል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም።